ፍርዱ ወይስ ልኬቱ? በመጀመሪያው የስታቲስቲክስ ትምህርት የሚሰጠው የመላምት ፈተና ሲመዘን

መግቢያ

በሕክምናና በሌሎች የጤና ሙያ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የመጀመሪያው የስታቲስቲክስ ትምህርት ማሳረጊያው ብዙውን ጊዜ የመላምት ፈተና ነው። ተማሪው በቅድሚያ በሁለት ወገኖች መካከል ልዩነት የለም የሚል መላምት ያስቀምጣል። ከናሙናው ያገኘውን ቁጥር በቀመር ያሰላና በመጽሐፉ መጨረሻ ከተያያዘው ሠንጠረዥ ጋር ያመሳክራል። ከዚያም መላምቱ «ውድቅ ሆኗል» ወይም «ውድቅ ሊሆን አልቻለም» ብሎ ይጽፋል። መልሱ ትክክል ነው፤ ማርኩ ይሰጠዋል፤ ምዕራፉም በዚያው ይዘጋል።

ከዓመታት በኋላ ይኸው ተማሪ ሐኪም፣ ነርስ ወይም የጤና መኮንን ሆኖ አንድ የጥናት ጽሑፍ ሲያነብ በአእምሮው የቀረችው 0.05 የምትባለው ቁጥር ብቻ ሆና ይገኛል። ከእርሷ በታች ከሆነ መድኃኒቱ ይሠራል፤ ከእርሷ በላይ ከሆነ አይሠራም። ይህ አነባበብ ግን ስሕተት ነው። ስሕተቱም የሚያርፈው በፈተና ወረቀት ላይ ሳይሆን በበሽተኛ ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሂስ የሚያነጣጥረው በዘዴው ላይ ሳይሆን በአቀራረቡ ላይ ነው። የመላምት ፈተና አንዲት ጠባብ ጥያቄን ብቻ ይመልሳል፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ ደግሞ መልሱን እንደ መጨረሻ ፍርድ አድርጎ ያስተምራል። ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው በሁለት ርእሶች ላይ ነው። አንደኛው ድርሻን (ከመቶ ወይም ከሺህ ስንት የሚለውን) ማወዳደር ሲሆን፣ ሁለተኛው ቫሪያንስን፣ ማለትም የልኬቶችን መበታተን፣ ማወዳደር ነው።

የሁለት አስተሳሰቦች ቅይጥ

ዘዴው የአንድ ሰው ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1900 ካርል ፒርሰን የካይ ስኩዌር ፈተናን አቀረበ። በ1908 በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊሊያም ጎሴት «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ለትንንሽ ናሙናዎች የሚሆነውን ስሌት አሳተመ። ሮናልድ ፊሸር በ1925 ባወጣው መጽሐፍ ዘዴውን ለተመራማሪዎች ሁሉ አዳረሰ፤ ከሃያ አንዴ የሚለውን መለኪያም አለመደ። በ1933 ደግሞ ጀርዚ ኔይማንና ኢገን ፒርሰን ውሳኔን መሠረት ያደረገ ሌላ አካሄድ አመጡ።

ለፊሸር ትንሽ የሆነ የፒ ዋጋ መረጃው ከ«ልዩነት የለም» መላምት ጋር ምን ያህል እንደማይጣጣም የሚጠቁም ምልክት ነው። ምልክቱም ተመራማሪው ሙከራውን እንዲደግም ይጋብዘዋል እንጂ ነገሩን አይዘጋም። ለኔይማንና ለፒርሰን ግን ፈተናው አስቀድሞ የሚወሰን ደንብ ነው። በሐሰት «ልዩነት አለ» የማለት ዕድልና ያለውን ልዩነት አይቶ የማለፍ ዕድል ሁለቱም ከጥናቱ በፊት ይመጠናሉ፤ የናሙናው ብዛትም በዚሁ ይወሰናል። የመጀመሪያው መጽሐፍ ሁለቱን ቀላቅሎ ያቀርባል። ከፊሸር የፒን ዋጋ፣ ከኔይማንና ከፒርሰን «ውድቅ» የሚለውን ቃል ይወስዳል። የፊሸርን ጥንቃቄና የሁለቱን አስቀድሞ መመጠን ግን በአብዛኛው ይዘላቸዋል። ተማሪው የሚወርሰው የተረፈውን ነው።

ድርሻ፦ ሰባት ሰዎች የለወጡት ፍርድ

ለዚህ በታይላንድ የተካሄደው የኤችአይቪ ክትባት ሙከራ ጥሩ ማስረጃ ነው። አር ቪ 144 በመባል የሚታወቀው ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 በራዮንግና በቾንቡሪ ግዛቶች ተጀምሮ 16,402 ጤናማ ሰዎችን አሳተፈ። ተሳታፊዎቹ በዕጣ ተደልድለው ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ ማስመሰያውን (ፕላሴቦ) ወሰዱ። በመስከረም 2009 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲገለጽ ክትባቱ በኤችአይቪ የመያዝን ዕድል ከመቶ 31 ያህል እንደቀነሰ ተነገረ። የፒ ዋጋው 0.04 ነበር። የኤችአይቪ ክትባት በሰው ላይ ተሞክሮ የመከላከል ምልክት ሲያሳይ የመጀመሪያው ስለነበር ዜናው በዓለም ዙሪያ ናኘ።

ስሌቱን ማንኛውም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሊሠራው ይችላል። ከክትባቱ ወገን ከ8,197 ሰዎች 51 ተያዙ፤ ከሺህ 6.2 ማለት ነው። ከማስመሰያው ወገን ከ8,198 ሰዎች 74 ተያዙ፤ ከሺህ 9.0 ማለት ነው። ልዩነቱ ከሺህ 2.8 ሲሆን የልዩነቱ መደበኛ ስሕተት ከሺህ 1.36 ያህል ነው። አንዱ ለሌላው ሲካፈል 2.06 ይገኛል። የሠንጠረዡ ጣሪያ 1.96 ስለሆነ «ልዩነት የለም» የሚለው መላምት ውድቅ ይሆናል። ጥናቱ የተጠቀመው ጊዜን ጭምር የሚያገናዝብ ስሌት ቢሆንም ቀላሉ ቀመርም ወደዚያው 0.04 ያደርሳል።

ይሁን እንጂ የሁለቱ ወገኖች ድምር 16,402 ሳይሆን 16,395 ነው። ሰባት ሰዎች ጎድለዋል። እነዚህ ሰዎች ጥናቱን በተቀላቀሉበት ዕለት የተወሰደው ደማቸው ሲመረመር ቀድሞውኑ ቫይረሱ በደማቸው የነበረ ሆኖ ተገኘ። አምስቱ ከክትባቱ ወገን፣ ሁለቱ ከማስመሰያው ወገን ነበሩ። ሰባቱ ወደ ስሌቱ ሲመለሱ ቁጥሩ ከ8,202 ሰዎች 56፣ ከ8,200 ሰዎች ደግሞ 76 ይሆናል። የክፍያው ውጤት ከ2.06 ወደ 1.75 ይወርዳል፤ የፒ ዋጋውም 0.08 ይሆናል። መላምቱ «ውድቅ ሊሆን አልቻለም»። ክትባቱን በተወሰነው ሥርዓት መሠረት ያጠናቀቁት ብቻ ሲቆጠሩ ደግሞ የፒ ዋጋው 0.16 ደረሰ።

ሰባቱን ማውጣት ተገቢ አልነበረም ለማለት አይቻልም። አስቀድሞ የተያዘን ሰው ክትባት ሊከላከልለት አይችልምና። ሆኖም በመጀመሪያው መግለጫ የቀረበው የፒ ዋጋው 0.04 የሆነው ስሌት ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ሁለቱ በይፋ የቀረቡት በቀጣዩ ወር ነው። ያን ጊዜ ብዙዎች ክትባቱ «ሠርቷል» ከሚለው ወደ «አልሠራም» ወደሚለው ዘለሉ። ከአሥራ ስድስት ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ሰባት ሰዎች ፍርዱን ገለበጡት።

እዚህ ላይ ልኬቱን የተመለከተ አንባቢ ከዚህ ግርግር ይድን ነበር። በሦስቱም ስሌቶች የክትባቱ የመከላከል አቅም ግምት ተቀራራቢ ነው፤ ከመቶ 31፣ 26 እና 26። የመተማመኛ ወሰኖቹም ሰፊ ናቸው። በመጀመሪያው ስሌት ወሰኑ ከመቶ 1 እስከ 52 ሲሆን፣ ሁሉንም ተሳታፊዎች ባካተተው ስሌት ከዜሮ በታች 4 እስከ 48 ነው። ሁለቱ ወሰኖች የሚናገሩት አንድ ነገር ነው። ክትባቱ ምናልባት መጠነኛ ጥቅም አለው፤ ጥቅሙ እዚህ ግባ የማይባልም ሊሆን ይችላል። 0.04 እና 0.08 የተለያዩ ፍርዶች ቢመስሉም ማስረጃው ያው ነው።

ብዙ ጊዜ የሚደገም ሌላ ስሕተትም አለ። የፒ ዋጋው 0.04 መሆኑ ክትባቱ የመሥራት ዕድሉ ከመቶ 96 ነው ማለት አይደለም። ትርጉሙ ክትባቱ ጨርሶ የማይሠራ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የሚታየው ከመቶ 4 ጊዜ ያህል ነው ማለት ነው።

ቀጣዩ ታሪክ ይህን ጥንቃቄ አጸናው። ተመሳሳይ ስልት የተከተለ ሌላ ክትባት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ ከ5,400 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ተሞከረ። ክትባቱ በአካባቢው ለሚገኘው የቫይረስ ዝርያ ተስማሚ እንዲሆን ተሻሽሎ ነበር። በ2020 መጀመሪያ ገለልተኛው ተቆጣጣሪ ቦርድ መረጃውን ሲመረምር በክትባቱ ወገን 129፣ በማስመሰያው ወገን 123 ሰዎች ተይዘው ተገኙ፤ ክትባቱን መስጠትም ቆመ። የቫይረሱ ዝርያ፣ የክትባቱ ማጎልበቻና የተሳታፊዎቹ የተጋላጭነት መጠን ስለሚለያዩ ይህ የታይላንዱ ጥናት ትክክለኛ ድግም አይደለም። ቢሆንም 0.05ን ለጥቂት ያለፈ ውጤት የመጨረሻ ቃል እንዳልሆነ በግልጽ ያሳያል።

ቀመሩ የማያየው ቤተሰባዊ መመሳሰል

የድርሻ ፈተና ቀመር አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ እያንዳንዱ ተቆጣሪ ከሌላው ነጻ መሆን አለበት። የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህን በአንድ መስመር ጠቅሶ ያልፋል። በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎችና ወረዳዎች የሚሠራ ባለሙያ በየጊዜው የሚያገኛቸው የሽፋን ጥናቶች ግን በአብዛኛው መንደርን መንደርን መርጠው፣ በየመንደሩ ቤቶችን የሚቆጥሩ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለክትባት ሽፋን ለረዥም ጊዜ ሲያስተዋውቀው የነበረው ሠላሳ መንደር መርጦ በየመንደሩ ሰባት ሕፃናትን የመቁጠር ዘዴ የታወቀ ምሳሌ ነው። የአንድ መንደር ልጆች ይመሳሰላሉ። የክትባት ዘመቻው የደረሰበት መንደር ልጆች በአብዛኛው ተከትበዋል፤ መንገድ ያልገባበት መንደር ልጆች በአብዛኛው አልተከተቡም። ስለዚህ 210 ልጆች የ210 ነጻ ምስክሮችን ያህል አይናገሩም።

ለምሳሌ በአንድ ወረዳ በሁለት ዙር በተደረገ ጥናት ሽፋኑ ከ210 ልጆች 126 (ከመቶ 60)፣ ቀጥሎም ከ210 ልጆች 147 (ከመቶ 70) ሆነ እንበል። የመጽሐፉ ቀመር 2.15 ይሰጣል፤ የፒ ዋጋው 0.03 ነው። ሪፖርቱም «ሽፋኑ ጉልህ በሆነ ሁኔታ አድጓል» ይላል። ዘዴው ሲነደፍ እንደተገመተው የመንደሩ መመሳሰል ቫሪያንሱን እጥፍ ያደርገዋል ከተባለ ግን ቁጥሩ ወደ 1.52 ይወርዳል፤ የፒ ዋጋው 0.13 ይሆናል። ሽፋኑ አላደገም ማለት አይደለም፤ ሊያድግ ይችላል። ነገር ግን በጀትና የሰው ኃይል ወደ ሌላ ወረዳ ለማዛወር ይህ ማስረጃ አይበቃም። በዚህ ምክንያት ቡድኑ ቀድሞ ከሄደ የሚቀሩት ሳይከተቡ የቆዩት መንደሮች ልጆች ናቸው።

ቫሪያንስ፦ አማካዩ ደህና ሲሆን

በመጀመሪያው መጽሐፍ ቫሪያንስን ማወዳደር እንደ እንጀራ ልጅ የሚታይ ርእስ ነው። ኤፍ የሚባለው ፈተና በሁለት ገጽ ይቀርባል፤ ጥቅሙም አማካዮችን ለማወዳደር በር ከፋች መሆኑ ብቻ ይነገራል። በክሊኒክ ውስጥ ግን በሽተኛን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ አማካዩ ሳይሆን መበታተኑ ነው።

እውነተኛ ግፊታቸው 130 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነ ሰዎች ይመርመሩ እንበል። ሁለት የደም ግፊት መለኪያዎች አሉ፤ ሁለቱም በአማካይ ትክክለኛውን 130 ያነባሉ። የመጀመሪያው መሣሪያ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 4፣ የሁለተኛው 8 ነው። ልኬቶቹ መደበኛውን የደወል ቅርጽ ከተከተሉ የመጀመሪያው መሣሪያ 140 እና ከዚያ በላይ የሚያነበው ከሺህ ሰዎች በ6 ላይ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ግን ከመቶ በ11 ሰዎች ላይ። ግፊታቸው 150 የሆነ ሰዎች ሲመረመሩ ደግሞ በተቃራኒው ሁለተኛው መሣሪያ ከመቶ አሥራ አንዱን ያህል ጤነኛ ናችሁ ብሎ ይሸኛል። አማካዩ ምንም ስሕተት የለበትም፤ ስሕተቱ ያለው በመበታተኑ ነው።

እነዚህን መሣሪያዎች አንድ ጤና ጣቢያ በኤፍ ፈተና ሊያወዳድራቸው ቢፈልግ ምን ያገኛል? እያንዳንዱ አሥር ጊዜ እንዲያነብ ተደርጎ የተጠቀሱት ስታንዳርድ ዴቪዬሽኖች ቢገኙ ቫሪያንሶቹ 16 እና 64 ይሆናሉ፤ ኤፍ 4.00 ነው። በሁለቱም አቅጣጫ የሚታይ ፈተና በ0.05 ደረጃ የሚጠይቀው ጣሪያ 4.03 ነው። ስለዚህ መላምቱ «ውድቅ ሊሆን አልቻለም»። ተማሪው እንደለመደው ከጻፈ «በመሣሪያዎቹ መካከል ልዩነት የለም» ብሎ ይደመድማል፤ ሁለተኛው መሣሪያም አገልግሎት ላይ ይውላል።

የመተማመኛ ወሰኑ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። የሁለተኛው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከመጀመሪያው ጋር እኩል ከመሆን ጀምሮ እስከ አራት እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል ያሳያል። አራት እጥፍ የሚበታተን መሣሪያን ሊያካትት የሚችል ውጤት «ልዩነት የለም» ሊባል አይችልም። ትክክለኛው ድምዳሜ «አሥር ንባብ ለመወሰን አይበቃም» የሚል ነው። ንባቡ ሃያ ሃያ ቢሆንና ቫሪያንሶቹ ያው ቢሆኑ ጣሪያው ወደ 2.53 ስለሚወርድ ልዩነቱ ያለጥርጥር ይታይ ነበር።

ይህ ቸልታ በትንንሽ ጥናቶች ብቻ የሚታይ አይደለም። ፍራይማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት «ልዩነት አልተገኘም» ያሉ 71 የሕክምና ሙከራዎችን መልሰው መረመሩ። ከእነዚህ ውስጥ በ50ዎቹ ሕክምናው ውጤቱን በግማሽ የሚያሻሽል ቢሆን እንኳ ይህን ሳያዩ የማለፍ ዕድላቸው ከመቶ 10 በላይ ነበር።

መበታተን ራሱ የበሽታ ምልክት ሊሆንም ይችላል። አስኮት የተባለው የደም ግፊት ሙከራ ከ19,000 በላይ ሕመምተኞችን አሳትፎ በ2005 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ሲያሳውቅ፣ በአምሎዲፒን የተጀመረላቸው ሕመምተኞች በአቴኖሎል ከተጀመረላቸው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው ከመቶ 23 ያህል ቀንሶ ተገኘ። በአማካይ ግፊት መካከል የታየው ልዩነት ግን 3 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ይህን ሁሉ ጥቅም ሊያብራራ አልቻለም። በ2010 ፒተር ሮዝዌልና ባልደረቦቹ መረጃውን እንደገና ሲመረምሩ ከቀጠሮ ቀጠሮ የሚዋዥቅ ግፊት ከአማካዩ ተለይቶ ስትሮክን እንደሚተነብይ፣ አምሎዲፒንም ይህን መዋዠቅ እንደሚቀንስ አሳዩ። አማካይን ብቻ ያየ አንባቢ ምክንያቱን ሳያየው ያልፍ ነበር። በየቀጠሮው ግፊቱ አንዴ 125 አንዴ 165 የሚሆንን ሕመምተኛ «በአማካይ ደህና ነው» ብሎ የሚያሰናብት ባለሙያም እንዲሁ ነው።

በር ጠባቂነቱ ለምን አይገባውም

መጽሐፉ ለኤፍ ፈተና የሰጠው የበር ጠባቂነት ሥራም ቢሆን አያስኬድም። ተማሪው የሁለት ወገኖችን አማካይ ከማወዳደሩ በፊት ቫሪያንሶቻቸው እኩል መሆናቸውን በኤፍ እንዲፈትን፣ ከዚያ በውጤቱ መሠረት ከሁለት ቀመሮች አንዱን እንዲመርጥ ይታዘዛል። ጆርጅ ቦክስ እ.ኤ.አ. በ1953 እንዳሳየው ይህ የቫሪያንስ ፈተና መረጃው ከደወል ቅርጽ ትንሽ ሲያፈነግጥ ይሳሳታል። አማካዮችን የሚያወዳድረው ፈተና ግን፣ በተለይ የሁለቱ ወገኖች ቁጥር ተቀራራቢ ሲሆን፣ እንዲህ ያለውን ማፈንገጥ በብዛት ይቋቋማል። ደካማው ጠንካራውን እንዲፈቅድለት ማድረግ የተገለበጠ ሥርዓት ነው።

የሕክምና መረጃ ደግሞ የደወል ቅርጽን እምብዛም አይከተልም። የሆስፒታል ቆይታ ቀናት፣ የቫይረስ መጠን፣ የጉበት ኢንዛይሞች ልኬት ሁሉም ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብሉ ናቸው። መፍትሔው ከ1947 ጀምሮ ታውቋል። ዌልች ያቀረበው ቀመር ቫሪያንሶቹ እኩል ናቸው ብሎ ሳይነሣ አማካዮችን ያወዳድራል፤ ዛሬ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች በሙሉ ማለት ይቻላል ይሰጡታል። ቫሪያንስን ራሱን ማወዳደር ሲያስፈልግም ሌቪን በ1960 ያቀረበው ፈተና ከኤፍ ይልቅ ታጋሽ ነው።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ የፒ ዋጋ መላምቱ እውነት የመሆኑን ዕድልም ሆነ የውጤቱን መጠን እንደማይለካ፣ ውሳኔዎችም በአንድ ገደብ ላይ ብቻ መመሥረት እንደሌለባቸው አስገንዝቧል። ይህን ለማስተማር አዲስ ኮርስ አያስፈልግም። ያው ምዕራፍ አንድ እርምጃ ቢራመድ ይበቃል። እያንዳንዱ መልመጃ «ውድቅ ሆኗል» በሚለው ከማብቃት ይልቅ ልዩነቱ ስንት ነው፣ ወሰኑ ከየት እስከ የት ነው፣ በዚያ ወሰን ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ለበሽተኛው ምን ማለት ናቸው ብሎ ቢጠይቅ ተማሪው የሚወጣው ሌላ ሰው ሆኖ ነው።

ትምህርቱን የጨረሰ ባለሙያም ጽሑፍ ሲያነብ አራት ነገሮችን ቢመለከት ከብዙ ስሕተት ይድናል። አንደኛ፣ እነማን ተቆጠሩ፣ እነማንስ ከስሌቱ ወጡ? ሁለተኛ፣ የተቆጠሩት እርስ በርስ ነጻ ናቸው ወይስ በመንደር፣ በዋርድ፣ በቤተሰብ የተሳሰሩ? ሦስተኛ፣ «ልዩነት አልተገኘም» የሚለው ጥናት ልዩነቱ ቢኖር ሊያየው የሚችል ብዛት ነበረው? አራተኛ፣ አማካዩ ብቻ ነው የተነገረው ወይስ መበታተኑም?

ማጠቃለያ

የመላምት ፈተና የሕክምና ምርምርን ከግምትና ከስሜት ለማላቀቅ የረዳ ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ ይጣል የሚባል አይደለም። የታይላንዱ ጥናት አዘጋጆችም ሦስቱን ስሌቶች በአንድ ጽሑፍ አሳትመው አንባቢው ራሱ እንዲመዝን ዕድል ሰጥተዋል። የጎደለው መዛኙ አንባቢ ነው። አንባቢውን ማፍራት የትምህርት ቤት ሥራ ነው፤ ይህም የሚጀመረው ተማሪው «ልዩነት አልታየም» እና «ልዩነት የለም» የሚሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች እንዳያምታታ በማድረግ ነው። በመጀመሪያው አባባል ተመራማሪው ተጨማሪ ልኬት ይፈልጋል። በሁለተኛው አባባል ግን የሚበታተነው መሣሪያ በሕመምተኛው ክንድ ላይ ይውላል።